በታመነ በር የገባ ሰርጎ ገብ

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1986 በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ በሚገኘው በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ የ75 ሳንቲም የሂሳብ ጉድለት ተገኘ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።) በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር እንደ ዛሬው በየጠረጴዛው ላይ የሚገኝ ዕቃ አልነበረምና ማንኛውም ተጠቃሚ በሠራበት ጊዜ ልክ ሂሳብ ይያዝበት ነበር። ሂሳቡን የሚያሰሉት ሁለት ፕሮግራሞች ውጤታቸው እኩል መሆን ሲገባው ሳይገጥም በመቅረቱ፣ ምክንያቱን እንዲያጣራ የታዘዘው ክሊፍ ስቶል የተባለ፣ በሙያው የከዋክብት ተመራማሪ የሆነና ወደ ኮምፒዩተር ክፍሉ ከተዛወረ ብዙም ያልቆየ ሰው ነበር። ሌላ ቢሆን 75 ሳንቲሙን ከኪሱ ከፍሎ በተገላገለ ነበር። ስቶል ግን ነገሩን ሲከታተል አንድ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በላቦራቶሪው ኮምፒዩተር ለጥቂት ሴኮንድ ሠርቶ ሳይከፍል መሄዱን ደረሰበት።

ክትትሉ አሥር ወር ያህል ፈጀ። ስቶል በስልክ መስመሮቹ ላይ ማተሚያ መሣሪያዎችን እየቀጠለ ሰርጎ ገቡ የሚጽፈውን ሁሉ በወረቀት ላይ አስቀረ። እንግዳው ላቦራቶሪውን መሸጋገሪያ አድርጎ ወደ ጦር ሠፈሮችና ማይተርን ወደመሳሰሉ የመከላከያ ሥራ ተቋራጮች ይዘልቅ ስለነበር፣ የማይተር የስልክ ሂሳብ ሲመረመር የድርጅቱ ሠራተኞች ያልደወሉት ብዙ አጫጭር የሩቅ አገር ጥሪ ተመዝግቦ ተገኘ። በመጨረሻም ስቶል የመንግሥት ምስጢር የሚመስሉ የሐሰት ሰነዶች አዘጋጅቶ ለወጥመድ አስቀመጠ። ሌባው እነርሱን ሲያነብ መስመሩ ላይ በመቆየቱ የስልክ መሥሪያ ቤቶች ፈለጉን ተከትለው እስከ ምዕራብ ጀርመን፣ እስከ ሐኖቨር ከተማ ለመድረስ ቻሉ። የተሰረቀውን መረጃ ይገዛ የነበረው ደግሞ የሶቪየት ኅብረት የስለላ መሥሪያ ቤት ኬ.ጂ.ቢ. ሆኖ ተገኘ። ተከሳሾቹ በ1990 ተፈርዶባቸው ቅጣቱ በገደብ ታለፈላቸው።

በመንግሥት የተደገፈ የኮምፒዩተር ሰርጎ ገብነት በመዝገብ የታወቀ ታሪኩ ከዚህ ይጀምራል ቢባል ከእውነት ብዙ አይርቅም። ነገር ግን የዚያን ዘመን ሌባ አመል ማስተዋል ያስፈልጋል። ይኸውም ሰነድ ይገለብጣል እንጂ ሰነድ አያጠፋም፤ ቤቱን እንደነበረ ትቶ ይወጣል። ባለቤቱም መዘረፉን ሳያውቅ በማግሥቱ ሥራውን ይቀጥላል። የንግድ ድርጅቶችም ጉዳዩ የወታደሮችና የሰላዮች ነው ብለው ለረጅም ጊዜ እንደ ባዕድ ነገር ሲመለከቱት የቆዩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ አስተያየት ከ2010 ወዲህ ሊጸና አልቻለም። በዚያ ዓመት ጃንዋሪ 12 ቀን ጉግል የተባለው ኩባንያ ከቻይና በተነሣ ጥቃት የሥራ ምስጢሩ እንደተሰረቀና ሌሎች ቢያንስ 20 የሚሆኑ ታላላቅ ኩባንያዎችም የዚሁ ጥቃት ዒላማ እንደነበሩ ራሱ ይፋ አደረገ። የተዘረፈ ነጋዴ መዘረፉን መናገር በማይወድበት ዓለም ይህ ያልተለመደ ድፍረት ነበር። በማርች 2011 ደግሞ አር.ኤስ.ኤ. የተባለው ኩባንያ ተደፈረ። ይህ ኩባንያ በየጊዜው የሚለዋወጥ ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ እየሠራ ለመሥሪያ ቤቶች የሚሸጥ ሲሆን፣ ቁጥሩም ከይለፍ ቃል ቀጥሎ እንደ ሁለተኛ ቁልፍ ያገለግላል። ሰርጎ ገቦቹ የገቡት የሠራተኛ ቅጥር ዕቅድ የሚል ርእስ ያለው የሠንጠረዥ ፋይል ለጥቂት ሠራተኞች በኢሜይል በመላክ ነበር፤ ከሠራተኞቹም አንዱ ከፈተው። ጥቂት ወራት ቆይቶ የጦር አውሮፕላን ሠሪው ሎክሂድ ማርቲን ከዚያ በተወሰደ መረጃ ጥቃት እንደተሞከረበት ታወቀ። ቤቱን መስበር ያቃተው ሌባ ወደ ቁልፍ ሠሪው ዘንድ ሄደ ማለት ነው። ዋናው የዚህ ታሪክ ክር ይህ ስለሆነ በኋላ ይመለሳል።

ከሌብነት ወደ ማውደም የተሸጋገረው ደግሞ በ2012 ነው። ኦገስት 15 ቀን፣ አብዛኛው ሠራተኛ በረመዳን በዓል ምክንያት ከሥራ ገበታው ርቆ ሳለ፣ በሳዑዲ አረቢያው የነዳጅ ኩባንያ በአራምኮ ውስጥ 30,000 ያህል ኮምፒዩተሮች በአንድ ጊዜ ተደመሰሱ። በፋይሎቹም ቦታ የሚቃጠል የአሜሪካ ባንዲራ ምስል ተተካ። ዘይት የሚያወጡትና የሚያጣሩት መሣሪያዎች ከቢሮው መረብ ተለይተው የተዘረጉ ስለነበሩ ምርቱ አልተቋረጠም፤ ይህም በዘመኑ የነበሩት መሐንዲሶች የሚመሰገኑበት ነው። የአሜሪካ ባለሥልጣናት ድርጊቱን የኢራን ነው ብለዋል። በቅን ሚዛን ለመመዘን ግን፣ በ2010 የተገኘውና የኢራንን የናታንዝ የኒዩክሌር ጣቢያ ማሽኖች ያበላሸው ስታክስኔት የአሜሪካና የእስራኤል ሥራ መሆኑ በሰፊው እንደሚነገር ሳይጠቅሱ ማለፍ አይገባም። መንግሥታት በዚህ መሣሪያ መጠቀም የጀመሩት በአንድ ወገን ብቻ አይደለም።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ መሐንዲስ ቆም ብሎ ሊያጤነው የሚገባው በ2017 በዩክሬን ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው ጥቃት ነው። ባለሙያዎች ኖትፔትያ ብለው ሰይመውታል።

በኪየቭ ከተማ ሊንኮስ ግሩፕ የሚባል በቤተሰብ የተመሠረተ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት አለ። የሚያዘጋጀው ኤም.ኢ.ዶክ የተባለ የሂሳብና የግብር ማስታወቂያ ፕሮግራም ሲሆን፣ በዩክሬን የሚነግድና ግብር የሚከፍል አብዛኛው ድርጅት ይገለገልበት ነበር። እንደማንኛውም ፕሮግራም ሁሉ ይህም በየጊዜው ማሻሻያ ይላክለታል። የግብር ደንብ ሲለወጥ ፕሮግራሙም መለወጥ አለበትና፣ ደንበኛው ማሻሻያውን ሳይመረምር፣ እንዲያውም በደስታ ይቀበላል። ማሻሻያን ቶሎ መቀበል ደግሞ የጥንቃቄ መጀመሪያ ነው ተብሎ በየሥልጠናው የሚነገር ነገር ነው። ጠላት የተጠቀመው ይህንኑ በጎ ልማድ ነው።

ኢሴት የተባለው የስሎቫክ ኩባንያ ባለሙያዎች ከጥቃቱ በኋላ እንደደረሱበት፣ በአፕሪል፣ በሜይና በጁን 2017 በተላኩ ሦስት ማሻሻያዎች ውስጥ የጓሮ በር ተሠርቶ ነበር። በሩ የተሠራበት ጥበብ ከአንድ ተራ ወንበዴ የሚጠበቅ አልነበረም። በዩክሬን እያንዳንዱ ድርጅት በመንግሥት የተሰጠው የመለያ ቁጥር ስላለው፣ የጓሮ በሩ ይህን ቁጥር ከሂሳብ ፕሮግራሙ ውስጥ እያነበበ ለአዛዦቹ ይልክ ነበር። ስለሆነም ሰርጎ ገቦቹ በየትኛው ድርጅት ቤት እንደተቀመጡ አንድ በአንድ ያውቁ ነበር። መልእክቱም የሚተላለፈው በራሱ በኤም.ኢ.ዶክ የማሻሻያ ሰርቨር በኩል ስለነበር፣ መረቡን የሚጠብቅ ሰው ቢመለከተው እንኳ የዘወትር የሥራ ግንኙነት ከመምሰል በቀር ጥርጣሬ የሚያሳድር ምልክት አልነበረውም።

ጁን 27 ቀን 2017፣ ማለትም ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ የዩክሬን የሕገ መንግሥት በዓል ዋዜማ ነበር። በዚያ ቀን በጓሮ በሩ በኩል አጥፊው ፕሮግራም ተለቀቀ። አንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ከገባ በኋላ በሁለት ዓይነት መንገድ ወደ ጎረቤቶቹ ይዛመታል። የመጀመሪያው ኢተርናል ብሉ በተባለ መሣሪያ ነው። ይህን መሣሪያ የሠራው የአሜሪካ የብሔራዊ ጸጥታ ድርጅት ሲሆን፣ ተሰርቆበት በአፕሪል 2017 ሻዶው ብሮከርስ በተባሉ ሰዎች ለዓለም ተበትኗል። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍን ጥገና በማርች ወር አውጥቶ ነበርና የጠገነ ሁሉ ከዚህኛው መንገድ ይድን ነበር። ሁለተኛው መንገድ ግን ጥገና የሚያግደው አልነበረም። ባንዣመን ዴልፒ የተባለ ፈረንሳዊ በዊንዶውስ ላይ ያለውን ጉድለት ለማሳየት በ2011 ካወጣው ሚሚካትስ ከተባለ ፕሮግራም በተወሰደ ዘዴ፣ በኮምፒዩተሩ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ የቀረውን የይለፍ ቃል እየለቀመ በዚያው ቃል የሌላውን ኮምፒዩተር በር እንደ ባለቤት ያስከፍታል። በመሆኑም አንድ ያልተጠገነ ኮምፒዩተር ከተገኘ የተጠገኑት ዘጠና ዘጠኙም አይተርፉም። አንድ ትልቅ የዩክሬን ባንክ መረብ በ45 ሴኮንድ ውስጥ እንደወደቀ ተነግሯል።

በኮምፒዩተሮቹ መስኮት ላይ የ300 ዶላር ቤዛ የሚጠይቅ ጽሑፍ ይነበብ ነበር። ቤዛው ማታለያ ነበር። መለያ ቁጥር ተብሎ የሚታየው በዘፈቀደ የወጣ በመሆኑ ገንዘቡ ቢከፈልም ቁልፉን ማስላት አይቻልም፤ ፕሮግራሙ ወንበዴ ለብሶ የመጣ አውዳሚ ነበር ማለት ነው። በኪየቭ ባንኮች፣ የቦሪስፒል አውሮፕላን ማረፊያ፣ የምድር ውስጥ ባቡር የካርድ ክፍያ ሥራ ታወኩ፤ በቼርኖቢል የጨረር መቆጣጠሪያው ከራስ ሠር መሣሪያ ወደ ሰው እጅ ተመለሰ።

እስከዚህ ድረስ ያለው የሁለት መንግሥታት ጠብ ነው ሊባል ይችላል። ነገር ግን የኮምፒዩተር መረብ ድንበር አያውቅም። የዴንማርኩ የመርከብ ኩባንያ ማርስክ በጥቁር ባሕር ላይ በምትገኘው በኦዴሳ ወደብ ቢሮ ነበረው። በዚያ ቢሮ የሂሳብ ኀላፊ ጠያቂነት ኤም.ኢ.ዶክ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ ነበር። ለመላው ኩባንያ ጥፋት ያቺ አንዲት ኮምፒዩተር በቃች።

በኮፐንሃገን በዋናው መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮች ተራ በተራ ሲጠቁሩ ሠራተኞች ከክፍል ወደ ክፍል እየሮጡ፣ ስብሰባ ላይ ያሉትን ሳይቀር እያቋረጡ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ይነቅሉ ነበር። ማርስክ በ130 አገሮች 574 ቢሮዎችና 80,000 የሚጠጉ ሠራተኞች የነበሩት ሲሆን፣ ያስተዳድራቸው ከነበሩት 76 የወደብ ተርሚናሎች 17ቱ ሥራ አቆሙ። በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ወደብ በር ላይ የጭነት መኪናዎች በረጅሙ ተሰለፉ። መርከቦቹ ራሳቸው ምንም አልሆኑም፤ ነገር ግን የትኛው ኮንቴይነር ምን እንደያዘና ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው መዝገብ ከጠፋ መርከብ ከተንሳፋፊ ብረት የሚለየው በጥቂቱ ነው። ሠራተኞቹ በግል ስልካቸው በዋትስአፕ እየተጻጻፉ፣ በወረቀት እየመዘገቡ ጭነት መቀበላቸውን ቀጠሉ። የኩባንያው ሊቀ መንበር ጂም ሀገማን ስናቤ በጃንዋሪ 2018 በዳቮስ ጉባኤ እንደገለጹት፣ በዚያ ቀውስ ውስጥ የጭነቱ መጠን የቀነሰው በ20 በመቶ ብቻ ነበር።

የመልሶ ማቋቋሙ ሥራ በእንግሊዝ አገር በሜይደንሄድ ከተማ ተጀመረ። የብዙዎቹ ሰርቨሮች መጠባበቂያ ቅጂ ተገኘ። ያልተገኘው ዶሜይን ኮንትሮለር የሚባለው ሰርቨር ቅጂ ነበር። ይህ ሰርቨር ሠራተኛው ማን እንደሆነ፣ የትኛውን ክፍል መክፈት እንደሚፈቀድለት የሚያውቅ የበር ጠባቂ ሲሆን፣ ያለ እርሱ የቀረውን ሁሉ ማስነሣት ትርጉም የለውም። ማርስክ በዓለም ዙሪያ 150 ያህል የዚህ ዓይነት ሰርቨሮች ነበሩት። እያንዳንዱ የሌላው ቅጂ ስለሆነ አንዱ ቢበላሽ ከሌላው ይመለሳል የሚል ስሌት ተይዞ ነበር። ስሌቱ እሳትን፣ ጎርፍንና የዲስክ ብልሽትን ያሰበ ነው፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጠፋሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። መጠባበቂያ ሁሉ ከሚጠብቀው ነገር ጋር በአንድ ገመድ ከተያያዘ መጠባበቂያነቱ የስም ብቻ እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ከብዙ ፍለጋ በኋላ አንድ ብቻ የተረፈ ተገኘ፤ እርሱም በጋና። ጥቃቱ ከመድረሱ በፊት በጋናው ቢሮ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሰርቨሩ ከመረቡ ተቋርጦ ዳነ። መብራት በጠፋ ቁጥር ማማረር ልማዱ የሆነ መሐንዲስ ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። መረጃው ብዙ መቶ ጊጋባይት ስለሆነ በጋናው ቀጭን መስመር ወደ እንግሊዝ ለመላክ ቀናት ሊፈጅ ሆነ። በአውሮፕላን ይዞት እንዳይሄድ ከጋናው ቢሮ ሠራተኞች የእንግሊዝ ቪዛ ያለው ጠፋ። በመጨረሻም አንድ የጋና ሠራተኛ ዲስኩን ይዞ ወደ ናይጄሪያ በረረ፤ በዚያ በአውሮፕላን ማረፊያ ለሌላ የማርስክ ሠራተኛ አስረከበ፤ እርሱም ወደ ለንደን ይዞት ገባ። የዓለምን የባሕር ንግድ ታላቅ ክፍል የሚያንቀሳቅስ ኩባንያ ትንሣኤው በመንገደኛ ሻንጣ ውስጥ ተጓዘ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ በአሥር ቀናት ውስጥ 4,000 ሰርቨሮችና 45,000 ኮምፒዩተሮች እንደ አዲስ ተተከሉ። ኩባንያው ኪሳራውን ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል። ስናቤ በዳቮስ ከተናገሩት ውስጥ ለባለሙያ የሚጠቅመው ግን ገንዘቡ አይደለም። ማርስክ በኮምፒዩተር ጥበቃ ረገድ ከሌሎች ኩባንያዎች የማይሻል የማይብስ፣ መካከለኛ እንደነበረ ሳይሸሽጉ ገልጸዋል። መካከለኛ መሆን በቂ መስሎ የሚታየው ጠላቱ ተራ ሌባ ሲሆን ነው፤ የመንግሥት ግምጃ ቤት ከጀርባው ያለው ጠላት በመጣ ጊዜ በቂ አልሆነም።

ሌሎችም ተጎድተዋል። የአሜሪካው መድኀኒት አምራች መርክ ከ40,000 በላይ ኮምፒዩተሮች የተበላሹበት ሲሆን፣ ጋርዳሲል የተባለውን ክትባት ለማቅረብ ከመንግሥት ክምችት እስከ መበደር ደረሰ። የፈረንሳዩ ሴን ጎባንና የፌዴክስ እኅት ኩባንያ ቲ.ኤን.ቲ. በየመቶ ሚሊዮኑ ከሰሩ። የሩሲያው የነዳጅ ኩባንያ ሮስኔፍት እንኳ አልቀረለትም፤ እሳቱ ለኳሹንም ፈጀው። የአሜሪካ መንግሥት ጠቅላላ ጉዳቱን ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገምቶታል።

ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2018 የዋሽንግተንና የለንደን መንግሥታት ድርጊቱ የሩሲያ ጦር መሆኑን በይፋ አስታወቁ፤ ሞስኮ ካደች። በኦክቶበር 2020 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በሩሲያ ወታደራዊ የስለላ መሥሪያ ቤት በጂ.አር.ዩ. ክፍል 74455 ስድስት መኮንኖች ላይ ክስ መሠረተ። ክሱ የተሰማው በፒትስበርግ ከተማ ነው፤ ተከሳሾቹ ግን በዚያ አልነበሩም።

ዘዴው ከኖትፔትያ ጋር አልቀረም። በዲሴምበር 2020 የሶላርዊንድስ ኩባንያ ኦሪዮን የተባለው የመረብ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ማሻሻያ በተመሳሳይ መንገድ ተመርዞ ወደ 18,000 የሚጠጉ ደንበኞች እንደተቀበሉት ታወቀ። አሜሪካ ይህንንም የሩሲያ የውጭ ስለላ ድርጅት ነው ብላለች። ነገሩን ያገኘው ከተጠቂዎቹ አንዱ የሆነው ፋየርአይ የተባለው የጥበቃ ኩባንያ ሲሆን፣ የምርመራው መነሻ በአንድ ሠራተኛ ስም ሁለተኛ ስልክ ተመዝግቦ መገኘቱ ነበር። ሠራተኛው ሲጠየቅ ስልኩ የእኔ አይደለም አለ። ከስቶል 75 ሳንቲም ጋር ሲነጻጸር 34 ዓመታት አልፈዋል፤ ምልክቱ ግን ያንኑ ያህል ትንሽ ነበር።

የቀረው ጥያቄ ኪሳራውን ማን ይሸከመው የሚለው ነው። መርክ ለንብረቱ 1.75 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ መድን ገብቶ ስለነበር 1.4 ቢሊዮን ያህል ካሳ ጠየቀ። የምግብ አምራቹ ሞንደሌዝም 1,700 ሰርቨሮችና 24,000 ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተሮች ከጥቅም ውጭ ስለሆኑበት ከዙሪክ የመድን ኩባንያ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠየቀ። መድን ሰጪዎቹ በውሉ ውስጥ የነበረውን አሮጌ አንቀጽ አወጡ። አንቀጹ የጠብ ወይም የጦርነት ድርጊት ያደረሰው ጉዳት አይከፈልም ይላል። ይህ አንቀጽ ሲጻፍ በጸሐፊው ዐይን ፊት የነበረው መድፍና ቦምብ እንጂ የግብር ፕሮግራም ማሻሻያ አልነበረም። መንግሥታቱ ወንጀለኛውን በስም መጥራታቸው ለተጎጂው ይጠቅማል ተብሎ ሲጠበቅ፣ በጁን 2018 ዙሪክ አልከፍልም የሚል ደብዳቤ የጻፈው ከዚያ መግለጫ አራት ወር ያህል ቆይቶ ነው። ድርጊቱ የመንግሥት መሆኑ በታወቀ ጊዜ የተጎጂው ኩባንያ መብት ይጠብቃል ወይስ ይላላል የሚለው ክርክር ዓመታት ፈጀ።

የሞንደሌዝ ጉዳይ በ2022 በስምምነት አለቀ። በመርክ ጉዳይ የኒው ጀርሲ ዳኛ በዲሴምበር 2021፣ የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በሜይ 2023፣ አንቀጹ የተለመደውን የጦር ሠራዊት ድርጊት እንጂ እንዲህ ያለውን አይመለከትም ብለው ለመርክ ፈረዱ። የመጨረሻው ፍርድ ቤት ክርክሩን ሳይሰማ በጃንዋሪ 2024 ተከራካሪዎቹ ታረቁ።

መድን ሰጪዎቹ ግን የፍርዱን ፍጻሜ አልጠበቁም። የለንደኑ የሎይድስ ገበያ በኦገስት 2022 ባወጣው መመሪያ፣ ከማርች 31 ቀን 2023 ጀምሮ የሚገቡና የሚታደሱ የኮምፒዩተር ጥቃት መድን ውሎች፣ በመንግሥት የተደገፈ ጥቃት የአንድን አገር አሠራር በብርቱ ሲያውክ የሚያስከትለውን ጉዳት ከካሳ ውጭ እንዲያደርጉ አዘዘ። ጥቃቱን ያደረሰው የትኛው መንግሥት እንደሆነ ተዋዋዮቹ በምን መንገድ እንደሚስማሙም በውሉ ውስጥ በግልጽ እንዲሰፍር ጠየቀ። የኖትፔትያን ጉዳይ ዋሽንግተንና ለንደን በይፋ ለመናገር ስምንት ወር ያህል ፈጅቶባቸው ነበር።